ቆሎ የያዘ እጅ

ዜናው የደረሰኝ ዲር ፓርክ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ በምሳ ብሬክ ነው። ስልክ ይዘን መግባት ስለማይፈቀድልን ሎከሬን ከፍቼ ሳወጣው፣ የዌስት ፉትስክሬይ እናቶች ግሩፕ በመልእክት ተጥለቅልቆ አገኘሁት። ከታች ወደ ላይ ነበር የማነበው። «አላህ ይዘንላቸው።» «ነፍሳቸውን ይማር።» «ውይ የኔ አባት!» ማን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ ላይ መግፋቴን ቀጠልኩ። ከሁሉም በላይ ጓደኛዬ ዘምዘም የጻፈችው ነበር፦ «ጋሼ ኑሩ ዛሬ ሱብሒ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ። ቀብር ነገ ከዙህር በኋላ ነው።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ስልኩን የያዝኩበት እጅ ከመጨበጡ ብዛት ጣቶቼ ነጥተዋል። አንድ በአንድ ፈታኋቸው። እጄ ሲጨበጥ ልብ ማለትን፣ ልብ ካልኩም መፍታትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ሺፍቴን የሚይዝልኝ ሰው ለምኜ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ላይ በተደረገው መታሰቢያም አልነበርኩም። እዚያ ለነበራችሁት አንድ ልመና አለኝ፤ ግን ልመናው የሚገባችሁ ጋሼ ኑሩ ለእኔና ለልጄ ያደረጉትን ካወቃችሁ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ጋሼ ኑሩ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሜልበርን ከመጡ በኋላ ያልሠሩት ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ ሥጋ ፋብሪካ፣ ታክሲ፣ የቢሮ ጽዳት። እኔ ያወቅኋቸው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በያዙት ሥራ ነው። ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆችን ዜብራ ያሻግሩ ነበር። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ የሚያበራ ካፖርት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ በአንድ እጃቸው «ስቶፕ» የሚል ቀይ ምልክት፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ። መኪናው ቆሞ እንኳ ሹፌሩን ዓይን ለዓይን ካላዩት አያምኑትም። ካዩት በኋላ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉለታል፤ ያገራችን ሰላምታ። ከዚያ ፊሽካውን ሁለቴ ይነፋሉ፤ ልጆቹም ይፈስሳሉ።

ልጆቹ በቃል አይንቀሳቀሱም ነበር። አንድ ቀን ቸኩዬ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቼ «በሉ ሂዱ፣ ሂዱ!» ብል አንድም እግሩን ያነሳ የለም። ሁሉም ዞረው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«በከንቱ አትልፊ» አሉኝ ጋሼ ኑሩ እየሳቁ። «ለፊሽካ ነው የተገራነው። እኔም ጭምር። ቤቴ ሻይ ማፍያው ሲያፏጭ ግራና ቀኝ አያለሁ።»

የሚናገሩት በዝግታ ነው። ልጆችን ተቆጥተው አያውቁም። ወላጆችን ግን ይቆጡ ነበር፣ እሱም በፈገግታ። የኛ ሰው መቼም ዜብራ አይወድም፤ ልጁን አሻግሮ ሲያበቃ ራሱ በመኪና መሐል ተሹለክልኮ ይመለሳል። ጋሼ ኑሩ ግን እሑድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ፣ አውቶቡሳቸው እያመለጣቸው እንኳ እስከ ዜብራው ድረስ ሄደው ነው የሚሻገሩት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አየኋቸውና «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ያይዎታል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ያላየሁት ልጅ» አሉኝ፣ በሰፈሩ መስኮቶች ላይ እጃቸውን እያዞሩ። «ልጅ ጆሮውን ቤቱ ጥሎ ይወጣል። ዓይኑን ግን መቼም አይጥልም።»

በመስከረም፣ እዚህ ጸደይ ሲገባ፣ ከዜብራው አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ማግፓይ የምትባለው ወፍ ጎጆዋን ትሠራለች። እዚህ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ጥቁርና ነጭ ሆና፣ ጫጩቶቿን ስትጠብቅ የሰው አናት ላይ የምትወርደዋን። ፖስተኛው በዱላ ስላባረራት ለሱ ምሕረት የላትም። ጋሼ ኑሩን ግን አንድም ቀን ነክታቸው አታውቅም። አንድ ሰሞን አሟቸው ቀሩና የሳቸውን ዓይነት ካፖርት፣ የሳቸውን ዓይነት ባርኔጣ ያደረገ ተተኪ መጣ። ገና ቦታው ላይ እንደቆመ ወረደችበት! ሰውየው ምልክቱን እንደ ጃንጥላ አናቱ ላይ ይዞ ልጆች ሲያሻግር ሰነበተ። ጋሼ ኑሩ ተሽሏቸው ሲመለሱ ነገርናቸው።

«ካፖርቱን አይደለማ የምታውቀው» አሉ ደስ ብሏቸው። «ፊቴን ነው። ጠዋት ስገባ ሰላም እላታለሁ፣ ዱላ አላነሳሁባትም። ትመዘግባለች እኮ!»

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ለማስተማር አይነሱም፤ ግን ማን ከማን ምን እንደተማረ ሁልጊዜ ያያሉ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሶልያና ያኔ ገና ፕሬፕ፣ ትምህርት የጀመረችበት ዓመት ላይ፣ ነበረች። እኔ ያደግኩት እብድ ውሻ በሚፈራበት ሰፈር ነው። ውሻ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ጎንበስ ማለት ነው። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ማለት። ያገራችን ውሻ ሰው ሲያጎነብስ ካየ ጅራቱን ቆልፎ ይፈረጥጣል። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላም ይህ ከአካሌ አልወጣም።

ከትምህርት ቤቱ ጎን ሜዳ አለ። አንድ ጠዋት ሶልያናን እጇን ይዤ በዚያ በኩል ስናልፍ አንድ ጥቁር ትልቅ ውሻ ሳይታሰር ቆሞ አየሁ። ሩቢ የምትባል፣ የሰፈራችን አሮጊት የጆአን ውሻ ነበረች። ጎንበስ አልኩ። ሩቢ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። አልሸሸችም። አሁንም ጎንበስ አልኩ፤ መሬቱንም በእጄ ነካሁት። ይኼኔ ሩቢ እንደ ጥይት ተነሳች፤ ወደ እኔ!

ጮህኩ። በኢየሱስ ስም ገሠጽኳት። ሶልያና የእኔን ጩኸት ስትሰማ እጇን ከእጄ መንጭቃ ወደ መንገዱ ሮጠች። የፍሬን ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ጋሼ ኑሩ ምልክታቸውን ጥለው ልጄን በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ይዘዋታል፤ መኪናው አጠገባቸው ቆሟል። ሩቢ ደግሞ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ጅራቷን እየቆላች ትጠብቀኛለች።

ጆአን እየሮጠች መጥታ ይቅርታ ስትለምን፣ እኔ ልጄን አቅፌ ቆሜ ሳለሁ፣ ጋሼ ኑሩ ምልክታቸውን አንስተው የቀሩትን ልጆች አሻገሩ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አስቴር፣ ምን ልታነሺ ነበር ያጎነበስሽው?»

«ድንጋይ ነዋ!»

«ድንጋይ የታለ?»

«ባይኖርስ! ውሻ ይሸሻላ!»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ይስቁ ጀመር።

«ምን ያስቅዎታል ጋሼ? ልጄ ልትሞትብኝ ነበር እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው በሕይወት አለች። ውሻዋን ግን እያት እስቲ። እሷ ድንጋይ የሚባል ነገር ከየት አውቃ? ከተወለደች ጀምሮ ጎንበስ ያለ ሰው ኳስ ነው የሚወረውርላት። አንቺ ሂጂ ስትያት፣ እሷ ነይ እንጫወት ያልሻት መስሏት ነው የበረረችው።»

«በኢየሱስ ስም ነው እኮ የገሠጽኳት።»

«አማርኛ አትሰማማ!»

እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶልያና ትምህርት ቤት መሄድ ጭንቅ ሆነባት። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ትላለች። መንገድ ላይ ውሻ ከሩቅ ካየች እጇን ነጥቃ ወደ የትም ትሮጣለች፤ እግረኛ መንገድ ይሁን የመኪና መንገድ አትለይም። እዚህ አገር ደግሞ ውሻ የሌለበት መንገድ የለም። ለኔ ጉዳዩ ትምህርት አልነበረም፤ አንድ ቀን ጋሼ ኑሩ በሌሉበት መንገድ ላይ ብትሮጥስ? የሚቀጥለው ሹፌር ባይቆምስ? ጾምኩ፤ ጸለይኩ፤ የጸሎት ቡድኔም ጸለየላት። የጸሎቴ መልስ በኮምቦልቻ እስላም በኩል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጋሼ ኑሩ ለጥቂት ጊዜ ሲያዩን ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ሶልያናን አሻግረው ካስገቡ በኋላ ጠሩኝ።

«ልጅቷ ውሻ አታይም» አሉኝ። «አንቺን ነው የምታየው።»

«እንዴት?»

«ውሻው ገና ጥግ ላይ ብቅ ሲል አንቺ ቀድመሽ ታዪዋለሽ። ያኔ እጅሽ እጇን ጭብጥ ያደርጋታል። እሷ ቀና የምትለው ከዚያ በኋላ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ልጠብቃት ብዬ ነዋ ጋሼ! እናት አይደለሁ?»

«አብሽሪ። ወቀሳ አይደለም። እስቲ የዳማን ነገር ላውጋሽ።»

ምልክታቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ጀመሩ።

«ጎረምሳ ሆኜ ኮምቦልቻ ጋሪ እነዳ ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። አለንጋ ላነሳ ስል ጉሮሮዬን የመጥረግ አመል አለብኝ፤ እህህ! ከዚያ ሸው! እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር። ፈረሱ ግን ያውቃል። ሲቆይ አለንጋው ቀረና ሳሌ ብቻውን በቃው። እህህ ስል ይበራል። እኔም ጎበዝ ፈረስ አለኝ እያልኩ ጉራዬን እነፋለሁ። አንድ ቀን ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ጫንኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ...»

«ሳሉ?»

«ሳሉ! ዳማ ተፈተለከ፤ ጋሪው ተገለበጠ፤ የሰውየው ክንድ ተሰበረ። መሬት ላይ ወድቀው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ልጄ፣ ፈረስህን ምን አስቀየምኩት?› አሉኝ። ፈረሱ ሳልንና ግርፋትን አንድ አድርጎ ተምሮልኛል፤ ያስተማርኩት እኔ፣ የወደቁት እሳቸው።» ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አስቴር፣ እጅሽ የኔ ሳል ሆኗል።»

ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር እጆቼን ሳያቸው ዋልኩ። እነዚህ እጆች ለልጄ የተዘረጉ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስመጣ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው፣ «ጋሼ፣ ዳማስ እንዴት ሆነ? ሸጡት?» ብዬ ነው።

«ማን ይገዛኛል! አለንጋውን ጣልኩ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ እህህ እልና በእጄ ገብስ አበላዋለሁ። እህህ፤ ገብስ። እህህ፤ ገብስ። መጀመሪያ ይደነብር ነበር። ኋላ ላይ ሳል ሲሰማ አፉን ይከፍት ጀመር። እናቴ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር።»

«እስላም ሆነው ጠበል?»

«ወሎ ነዋ!» አሉና ሳቁ። «ይልቅ ቤትሽ ገብስ አለ?»

«ቆሎ አለ።»

«ቆሎ ኪስሽ ይግባ። ውሻ ስታዪ እጅሽን ዘርጊና ለልጅቷ ስጫት። ሩቅ ሆኖም ይሁን፣ ገና ጭራው ሲታይ። ቆሎ የሚሰጥ እጅ ተጨብጦ መቆየት አይችልም።»

«የኔስ ፍርሃት?»

«አንቺም ብዪ!»

ጀመርን። ጆአንም ነገሩ ሲገባት ተባበረችን። ጠዋት ጠዋት ሩቢን አጭር አድርጋ አስራ ከመንገዱ ማዶ ታልፋለች። እኔ ሳያት እጄን ከኪሴ አውጥቼ እዘረጋለሁ። ሶልያና መጀመሪያ ቆሎውን አልነካችውም፤ ካፖርቴ ውስጥ ተወሸቀች። ጆአን ከዚያም ራቅ ብላ እንድታልፍ ጋሼ ኑሩ ምልክት ሰጧት። «ገብሱን ካልበላ ቀርበሻል ማለት ነው» አሉኝ። ውሻዋ ራቅ ስትል ሶልያና በላች። ስትበላ ትንሽ ቀረብ። ዝናብ ሲዘንብም፣ የክረምቱ ብርድ ጣት ሲቆርጥም። ቆሎው በሱፍ የተቀላቀለ፣ በኑግ የታሸ፣ ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። ቀስ በቀስ አንድ ነገር አየሁ። ጥግ ላይ ውሻ ብቅ ሲል ሶልያና የምታየው እጄን ነው፤ ግን አሁን ልትሸሸው አይደለም፣ መዳፌ ላይ ምን እንዳለ ለማየት ነው።

ሁሌ ወደ ፊት አልነበረም። አንድ ቀን የሌላ ሰው ትንሽ ውሻ ከግቢ ዘሎ ጮኸብንና እጄ ራሱ ሳያስፈቅደኝ ተጨበጠ። የወራት ልፋት የፈረሰ መሰለኝ። ሳለቅስ ጋሼ ኑሩ አገኙኝ።

«ዳማም አንዳንዴ ይደነብር ነበር» አሉኝ። «እኔም አንዳንዴ ያለ ገብስ እስል ነበር። ነገ ቆሎሽን ይዘሽ ነይ።»

አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ጋሼ ኑሩ ራሳቸው ሩቢን ነክተዋት አያውቁም። ጆአን አንድ ቀን ትፈራታለህ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «አልፈራትም» አሏት። «ምራቋ ከነካኝ ለሶላት መታጠብ አለብኝ፤ እዚህ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። እንዳልነካት ነው የተማርኩት፤ እንድጠላት አይደለም።» ጆአን ስታልፍ ለሹፌሮቹ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለሩቢም ጎንበስ ይላሉ፤ «ሰላም ሩቢ።»

ሶልያና ይህን ታይ ነበር። እኔ ቆሎዬን ስዘግንና ስዘረጋ፣ እሷ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አታነሳም። አንድ ጠዋት ሩቢ ማዶ ስታልፍ ልጄ ቆሎ ያለባትን ትንሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። «ሰላም ሩቢ» አለች፤ በአማርኛ! ቤት ውስጥ በአማርኛ አናግሪኝ ብዬ ስለምናት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ። ጋሼ ኑሩ ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ረሱት። መኪናውም ቆሞ ጠበቀ።

በጋው ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሆንን። ሩቢ የቴኒስ ኳሷን እግራችን አጠገብ ጥላ ቁጭ ብላለች። ጋሼ ኑሩና ጆአን አግዳሚው ላይ ናቸው። ሶልያና ኳሱን አየችው፤ ሩቢን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እጄን አየችው። ተከፍቶ ነበር። ጌታን ምስክር አድርጌ እላለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ክፍት አድርጎ የያዘልኝ እሱ ነው፤ በራሴ አቅም አልነበረም።

ልጄ ጎንበስ አለች። ኳሱን አነሳችና ወረወረችው።

ሩቢ ስትበርር ሶልያና ሳቀች። «ማም! ሺ ላይክስ ሚ!» አለች፤ ወደደችኝ ማለቷ ነው። ጋሼ ኑሩ አግዳሚው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ እህህ! ለኔ ብቻ የገባ ቀልድ ነበር። መዳፌ ላይ የቀረውን ቆሎ ወስጄ ዘገንኩላቸው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሶልያና ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ ቁመቷ በልጦኛል። ጋሼ ኑሩ ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ተዉ፤ ግን ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ልጆቹ ሲሻገሩ ያዩ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከሶልያና ጋር ነው። የእሷን እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ መዳፏን አዩት። «ይኼ እጅ ማንን ያስተምር ይሆን?» አሏት። ሶልያና ፈገግ አለች።

አሁን ልመናዬ። ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ዜብራው ላይ አበባ ስታስቀምጡ፣ አዲሱ ጠባቂ ፊሽካውን ለሳቸው ሁለቴ ሲነፋ፣ ጆአን ሩቢን ይዛ መጥታ እንደነበር ዘምዘም በስልክ ነገረችኝ። ሩቢ አርጅታለች፤ አፏ ዙሪያ ሸብቷል። ከሰዉ ዳር አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ ቆማ ነበር አለችኝ፤ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣች፣ ስሟን ማንም ያልጠየቃት። ሩቢን ስታይ ጎንበስ አለች። መሬት ነካች። ሩቢም መሮጥ ባትችልም፣ ኳሷን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ እሷ ሄደች። ትንሿ ልጅ ጮኸች። እናትየዋ ልጇን አፍሳ በመኪናዎቹ መሐል ሮጠች፤ ማንም ሳይደርስባት ሄደች። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ አለችኝ ዘምዘም። አልወቅሳችሁም፤ የሚያስቀውን እኔም አውቀዋለሁ። የመንገዱንም አደጋ አውቀዋለሁ።

ያን ጠዋት እዚያ የነበራችሁ፣ ያቺን እናት አስታውሱልኝ። በየት በኩል እንደሄደች ያየ፣ የት እንደምትኖር የሚገምት ካለ ለዘምዘም ይንገራት። ይህን ታሪክ ለሶልያና ሳወራላት ከወንበሯ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ የጎን ኪስ ቆሎ ሞልቶ ነበር። መንገዷ በዚያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእናትየዋና ከልጇ ጋር አብራ ልትሄድ ትፈልጋለች።

ምናልባት ግን ከኛ በፊት እናንተ ታገኟት ይሆናል። ውሻው አይነክስም ብላችሁ አታስረዷት፤ እኔም ስንት ጊዜ ተነግሮኝ ነበር። ከልጇ እጅ ጋር የተጨበጠውን እጇን ቀስ ብላችሁ ፍቱትና፣ ቆሎ ዘግኑላት።